በወረርሽኝ ጊዜ ለታመመና ለሚያስታምም ሠራተኛ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ቃል በሁሉ አፍ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰው በሽታውን ስለ ምን እንደሚደብቅ ጠይቆ የመረመረ ጥቂት ነው። አንዳንዱ በእፍረት ይደብቃል፤ አንዳንዱም በፍርሃት ይደብቃል፤ በእጁ ሥራ የሚያድር ድኻ ግን በሽታውን የሚደብቀው ከሁሉ ይልቅ ስለ እንጀራው ነው። ታመምሁ ብሎ ከቤቱ የዋለ እንደ ሆነ ለልጆቹ የሚያቀርበው አይኖረውምና፥ ትኩሳቱን በጋቢው ሸፍኖ፥ ሳሉን በጉሮሮው አፍኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ነገር በደኅና ዘመን የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ነው፤ ተላላፊ በሽታ በገባበት ዘመን ግን የሀገር ሁሉ ጉዳት ይሆናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጠው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው።

በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሸጎሌ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙም የቤኒሻንጉል ገዥ ከነበሩት ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ስም የወጣ መሆኑ ይነገራል። ማለዳ ሳይነጋ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው የሠራተኛን ኑሮ ያለ አስተማሪ ይማራል። የአውቶቡስ ነጂውና ትኬት ቆራጩ ወደ ዴፖው ይገሰግሳሉ፤ ግንበኛውና የቀን ሠራተኛው መሣሪያውን ይዞ ቀጣሪ ይጠብቃል፤ ሌሊቱን ያደረው ዘበኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ በሰው ቤት የምትሠራው ሴት ደግሞ ከቤቷ ትወጣለች። ከዚያ ከፍ ብሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ሸማኔው ገና ብርሃን ሳይወጣ በጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ከእንጦጦም እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ ይታያሉ። ከነዚህ ሰዎች የሚበልጡት በአንዲት ጠባብ ክፍል ቤተ ሰባቸውን ይዘው የሚያድሩ፥ ከጎረቤቶቻቸውም ጋር በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀሙ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሠፈር ውስጥ አንድ ሰው በሽታውን ደብቆ ሥራ የዋለ እንደ ሆነ፥ ማታ ያንኑ በሽታ ወደ ቤቱ፥ ከቤቱም ወደ ጎረቤቱ ማድረሱ የማይቀር ነው።

ሀገራችን ወረርሽኝን በወሬ ብቻ የምታውቅ አይደለችም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በመላው ዓለም የተነሣው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጅቷል። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ በዚያ በሽታ ታመው ነበር። በየቤቱ አስታማሚው ከታማሚው ጋር ስለ ወደቀ ውሃ የሚያቀብል፥ ከሞተም በኋላ የሚቀብር ሰው እስኪታጣ ድረስ ሆነ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ጥራጊ የሚያቃጥለው ሕዝብ ያን ዘመን የሚያስበው በዚህ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ መከራ የምንማረው ጥራጊ ማቃጠል ብቻ ሊሆን አይገባም። በዚያን ጊዜ ከሞቱት ውስጥ በሽታው ብቻ ሳይሆን ጥማትና ረኃብ የገደላቸው እንደሚኖሩ ማሰብ አያስቸግርም፤ የሚያስታምምና የሚመግብ ሲጠፋ ሊድን የሚችለውም ይሞታልና።

ከዚህ በኋላ መቶ አንድ ዓመት አልፎ፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በሀገራችን መገኘቱ ተገለጠ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። በሽታው መኖሩ በምርመራ የተረጋገጠባቸው ሰዎች በሀገሩ ሁሉ 500 ሺህ ያህል ሲሆኑ፥ ከ7,500 በላይ ሕዝብ መሞቱ ተመዝግቧል። የዓለም የጤና ድርጅትም የኮሮና አስቸኳይነት ማለፉን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ጊዜ መንግሥት ለሠራተኛው ያደረገውን መልካም ነገር ማስታወስ ይገባል። በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ አሠሪዎች ከተወሰነው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከልክለው ነበር። ሥራቸው ቆሞ ሳለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈላቸውን ላላቋረጡ ድርጅቶችም፥ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር ለአራት ወር እንዲቀርላቸው ተፈቅዷል። ይህ ውሳኔ ሠራተኛውንም አሠሪውንም ያሰበ ስለ ሆነ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ጎርፉ ከመጣ በኋላ በችኮላ የተሠራ ግድብ ነበር፤ ጎርፉ ሲያልፍም ግድቡ አብሮ አልፏል። ዛሬ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርብን ነው።

አሁን የጸናው ሕግ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156፥ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ሠራተኛው የሐኪም ማስረጃ ሲያቀርብ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ድረስ ሊያርፍ ይችላል፤ ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዙ፥ ለሚቀጥሉት ሁለት ወሮች የደመወዙ እኩሌታ ይከፈለዋል፤ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙ ዘመን በሥራ ማኅበራትና በሕግ ዐዋቂዎች ድካም የተገኘ ፍሬ ነው። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው በደኅና ዘመን ለሚታመም አንድ ሰው ታስቦ ስለ ሆነ፥ በወረርሽኝ ጊዜ የሚጎድለው ነገር አለ።

ለምሳሌ ያህል፥ በሸጎሌ የምትኖር፥ በልብስ ስፌት ሥራ በወር 3,000 ብር የምታገኝ፥ ሁለት ልጆችና አሮጊት እናት ያላት አንዲት ሴት ናት እንበል። ራሷ ብትታመምና ሐኪም ቢመሰክርላት ሕጉ ይጠብቃታል፤ የመጀመሪያውን ወር 3,000 ብር፥ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር 1,500 ብር እየተቀበለች ትድናለች። ነገር ግን ጎረቤቷ ታሞ፥ እርሷም ከርሱ ጋር ስለ ተገናኘች 14 ቀን ከቤትሽ አትውጪ ብትባል፥ እርሷ በሽተኛ አይደለችምና የሐኪም ማስረጃ የላትም። በሥራው ላይ ገና ወር ከአሥራ አምስት ቀን የሆናት እንደ ሆነ ደግሞ፥ 60 የሥራ ቀን የሚሆነው የሙከራ ጊዜ ስላልተፈጸመ የሕመም ፈቃዱ አይደርሳትም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቿ ከቤት ቢውሉስ? በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የተዘጋው ትምህርት ቤት እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ እንዳልተከፈተ አንርሳ። ለእንዲህ ያለው ነገር በሕጉ የተቆረጠ ክፍያ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ገና አልተናገርንም። የዚህች ሴት ልጅ ቢሞት ሕጉ ለሐዘኗ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣታል። ልጇ እንዳይሞት አጠገቡ ተቀምጣ ብታስታምመው ግን፥ ብርቱ ችግር ደርሶባታል ተብሎ የሚፈቀድላት እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ነው፤ እርሱም ያለ ደመወዝ ነው። ለመቅበር የሚከፈል፥ ለማዳን ግን የማይከፈል ሆነ ማለት ነው። ይህን የምንናገረው ሕጉን የጻፉትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ይህ የሁላችን ልማድ ስለ ሆነ ነው እንጂ። ዕድራችንን እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ገንዘብ ተቆጥሮ ለሐዘንተኛው ይሰጣል፤ ጎረቤትም ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ያ ሰው ግን ሳይሞት አንድ ወር ታሞ በተኛበት ጊዜ፥ ብርቱካንና ዳቦ ይዞ እግዚአብሔር ይማርህ ከማለት በቀር፥ የቤቱን ኪራይና የልጆቹን ቀለብ የጠየቀ ዕድር ጥቂት ነው። ለሞት የተዘጋጀን፥ ለሕመም ግን ያልተዘጋጀን ሕዝብ ነን።

የሌሎች ሀገሮችን ሥራ መመልከትም ዕውቀት ይጨምራል። በጀርመን ሀገር ቢስማርክ መሪ በነበረበት ጊዜ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ሠራተኛና አሠሪ በየጊዜው ገንዘብ እያዋጡ ለታመመው የሚከፈልበት ሕግ ወጣ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አብራ የገባችበት የዓለም የሥራ ድርጅትም፥ ስለ ሠራተኞች የሕመም መድን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ስምምነቶችን አውጥቷል። በኮሮና ዘመን ደግሞ በአሜሪካ ሀገር መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድ አስቸኳይ ሕግ ተፈረመ። በዚያ ሕግ ከ500 ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠራ ሰው ቢታመም ወይም ከቤትህ አትውጣ ቢባል፥ በተወሰነ መጠን እስከ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደመወዙን ያገኝ ነበር፤ በሽተኛ የሚያስታምም ወይም ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ልጅ የሚጠብቅ ደግሞ ከደመወዙ ሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያገኝ ነበር። ለልጅ ጠባቂውም ተጨማሪ እስከ አሥር ሳምንት ተፈቅዶ ነበር። አሠሪው የከፈለውን ገንዘብ መንግሥት ከግብሩ ላይ ያስብለት ስለ ነበረ፥ ሸክሙ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አልወደቀም። የሕጉ ግዴታም በዚያው የአውሮጳ ዓመት መጨረሻ ተፈጽሟል። በዚያ ሀገር በመኪና ማቆሚያ፥ በአረጋውያን መጦሪያና በልዩ ልዩ አገልግሎት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን እንዳሉ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ዓይነት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ሁሉም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉምና በየተራቸው እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው፥ አሠሪው ይከስራል የሚል ነው። አርባ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ነው እንበል። በወር 3,000 ብር የምታገኘው ሠራተኛ 14 ቀን ከቤቷ ብትውልና ቢከፈላት ለርሱ የሚደርስበት ወጭ 1,400 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ከነትኩሳቷ ብትገባና በሽታው ለሌሎች አሥር ሰዎች ቢተላለፍ ግን፥ አሥር መኪናዎች ይቆማሉ፤ የታዘዘው ልብስ በቀኑ ሳይደርስ ይቀራል፤ ምናልባትም በጤና ጥበቃ ትእዛዝ ቤቱ ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ ብልህ አሠሪ ሒሳቡን ቢያስብ፥ በሽተኛውን ከቤቱ የማዋል ወጭ ከማስገባት ወጭ እንደሚያንስ ያገኘዋል። ያም ቢሆን ትንንሾቹ አሠሪዎች፥ ሁለትና ሦስት ሰው ይዘው የሚሠሩት፥ ብቻቸውን ሊሸከሙት እንደማይችሉ እናምናለን።

ሁለተኛው፥ ሰነፉ ሳይታመም ታመምሁ ይላል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንደማይጠፋ እኛም እናውቃለን፤ ሐሰተኛ ማስረጃ የሚያቀርበውንም ሕግ ሊቀጣው ይገባል። ነገር ግን ስለ ጥቂት ሐሰተኞች ሲባል እውነተኛውን በሽተኛ መቅጣት ፍርድ አይደለም። ለማጣራትም የሚቸግር አይሆንም፤ በየወረዳው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። በወረርሽኝ ጊዜ ሆስፒታሉ በበሽተኛ ሲጨናነቅ፥ የነርሱ ምስክርነት እንደ ሐኪም ማስረጃ ሆኖ እንዲቈጠር በሕግ ቢፈቀድ፥ ሠራተኛው ወረቀት ለማግኘት ሲል ተሰልፎ በሽታውን ለሌላ አያደርስም።

ሦስተኛው፥ እኛ ድኾች ነን፤ ይህ የባለጸጋ ሀገር ሥርዓት ነው የሚል ነው። ለዚህ የሚሆነውን መልስ አባቶቻችን አስቀድመው ሰጥተውናል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ዛሬ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የጡረታ ገንዘብ ሠራተኛው ከመቶ 7፥ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ። ይህ ገንዘብ ለእርጅና፥ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ለሟች ቤተ ሰብ ይረዳል፤ ለሁለት ሳምንት ትኩሳት ግን አይደርስም። በዚያው መንገድ በጣም ጥቂት ገንዘብ ለሕመም ተብሎ ቢዋጣና ለወረርሽኝ ጊዜ ቢቀመጥ፥ ትንሹም አሠሪ ሳይወድቅ፥ ትልቁም ሳይጎዳ ሠራተኛው ሊረዳ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ መውጣቱ ይታወሳል፤ ከወጣም በኋላ ብዙ ዓመት ሳይፈጸም ቆይቷል። እንዲህ ያለ ዐዋጅ በወረቀት ላይ ሲቆይ በሽታ ግን ተራውን እንደማይጠብቅ ማስተዋል ያሻል።

እንግዲህ እኛ በበኩላችን ሊታሰብበት ይገባል የምንለውን በአጭር ቃል እንገልጣለን። ወረርሽኝ መግባቱ በመንግሥት በታወጀ ጊዜ ወዲያው የሚጸና፥ ወረርሽኙም ሲያልፍ የሚያበቃ የአስቸኳይ ፈቃድ ሥርዓት አስቀድሞ በሕግ ይዘጋጅ። በዚህም ሥርዓት ለታመመና በጤና ጥበቃ ትእዛዝ ከቤቱ ለዋለ ሠራተኛ ቢያንስ 14 ቀን ሙሉ ደመወዝ ይሰጠው፤ ይህም ከዓመት ዕረፍቱም ሆነ ከተለመደው የሕመም ፈቃዱ አይቀነስበት፤ የሙከራ ጊዜውን አልፈጸመም ተብሎም አይከልከል። ልጁን፥ ባለቤቱን ወይም ወላጁን ለሚያስታምም፥ ወይም ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ሕፃን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከደመወዙ የሚበልጠው እጅ ይከፈለው። ወጭውን አሠሪው፥ መዋጮውና መንግሥት ይካፈሉት፤ በ2012 ዓ.ም. የተሞከረው የግብር ምሕረትም ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

የቀን ሠራተኛው፥ እንጨት ተሸካሚዋ፥ ሸማኔውና በሰው ቤት የምትሠራው ሴት ግን ይህ ሕግ ቢወጣም ሊደርሳቸው አይችልም፤ የቤት ሠራተኛ በዐዋጁ ውስጥ አልተጠቃለለችም፤ የቀሩትም በስማቸው የተጻፈ የደመወዝ መዝገብ የላቸውም። ለነዚህ ሰዎች በ2009 ዓ.ም. የተጀመረውን የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሥርዓት መመልከት ይጠቅማል። ስም የሚመዘገብበትና ገንዘብ የሚታደልበት መንገድ በየወረዳው ተሠርቶ ስለ ነበረ፥ በወረርሽኝ ጊዜ ታመው ለሚውሉ ድኾች በዚያው መንገድ የሁለት ሳምንት ቀለብ ማድረስ እንደ አዲስ መንገድ መቅደድ አይሆንም። በቤቱ ሠራተኛ ያለው ሰውም ሕግ እስኪያስገድደው ሳይጠብቅ፥ በታመመች ጊዜ ወደ ጎዳና እንዳያወጣት በኅሊናው ሊፈርድ ይገባዋል። ልጆቹን ያሳደገችለትን፥ እንጀራውን የጋገረችለትን ሰው በትኩሳቷ ቀን ማባረር፥ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የሚያሳፍር ሥራ ነው።

ዕድሮችም በዚህ ነገር እንዲመክሩ እናሳስባለን። ለቀብር ከሚያዋጡት ላይ ጥቂቱን ለይተው የሕመም ገንዘብ ቢያስቀምጡ፥ የተከበረውን የአባቶች ሥርዓት አሳደጉት እንጂ አላፈረሱትም። ድንኳኑን የሚተክሉ ብርቱ እጆች ለበሽተኛው ደጃፍ ውሃና እህል ሊያደርሱም ይችላሉ።

ሠራተኛውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የሕመም ፈቃድ የተሰጠው ሰው በዚያ ቀን ከጠላ ቤትና ከገበያ ሊገኝ አይገባውም፤ መታመሙን ለአሠሪው ሳይዘገይ ማስታወቅ፥ የጤና ሹማምንትን ምክር መቀበል፥ ሲድንም በትጋት ወደ ሥራው መመለስ ይገባዋል። መተማመን ከሁለት ወገን ካልሆነ አይጸናምና።

አንዳንድ ሰው፥ ኮሮና አልፏል፤ ይህን ዛሬ ምን አነሣው ይል ይሆናል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተገለጠ ጊዜ፥ ወረርሽኝ ቀጠሮ ሰጥቶ የሚመጣ እንግዳ እንዳልሆነ ሁላችን እንደ ገና አይተናል። ወሩም ያው ኅዳር ነበረ። ሕግ የሚመከርበትና ገንዘብ የሚጠራቀምበት ጊዜ በሽታው በደጅ ሲቆም አይደለም፤ እንደ ዛሬ ፋታ በተገኘበት ጊዜ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይባላልና።

በሸጎሌ መንገድ ማለዳ የሚወጣው ሠራተኛ ነገ ትኩሳት ቢሰማው፥ ልጆቼ ምን ይበላሉ ብሎ በሽታውን ደብቆ አውቶቡስ እንዳይሳፈር፥ ታምሜአለሁ ብሎ ሳይፈራ የሚናገርበት ቀን እንዲመጣ ሕግ አውጭዎች፥ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አንድ ላይ ተቀምጠው ይመክሩበት ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን። ሰው በሽታውን ሳይፈራ መናገር የቻለ እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱን ለማግኘት ግማሽ መንገድ ተጓዘ ማለት ነው።